ዝናብ ሲጥል ቤዝመንታችን ፍሳሽ ይገባል፤ የቱቦ ቅየራውን ወረቀት ልፈርም?

ቀበና_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በ1952 የተሠራ ቤት አለን። ከገዛነው ስድስት ዓመት ሆነን። በነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ቤዝመንታችን ፍሳሽ ገብቶበታል። ሁለቱም ጊዜ ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቤቱ እንግዳ ሞልቶበት ነበር። ቡና እየቆላሁ ነው ሽታው ከታች የመጣው። ወርጄ ሳይ ወለሉ ላይ ካለው ክብ ፍርግርግ ጥቁር ውሃ እየተንቦለቦለ ይወጣል። እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ መሶብ እዚያ ነበር። የልጆቼ የሕፃንነት ልብስም በካርቶን እዚያው ነበር። መሶቡ ከፍ ያለ ቦታ ስለነበር ተረፈ። ልብሱን ግን ሁሉንም ጣልነው። ኢንሹራንስ ስደውል "ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚገባ ውሃ ውልሽ ውስጥ የለም" ተባልኩ።

አሁን ደብዳቤ መጥቶልናል። ከጓሯችን አጥር ጀርባ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚያልፈው የሰፈሩ ዋና የፍሳሽ ቱቦ አርጅቷል ይላል። የተወሰነው ክፍል ተቆፍሮ ይቀየራል፣ ቀሪው ከውስጥ ይለበጣል። ለዚህ ሥራ ጓሯችን ለመግባት ፈቃድ እንድንፈርም ይጠይቃሉ። ከዚያ ደግሞ የጣሪያ አሸንዳችሁ ወይም ሳምፕ ፓምፓችሁ (ቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ስቦ የሚያወጣው) ከፍሳሽ መስመር ጋር ተያይዞ ከሆነ አላቅቁት ይላል።

ባለቤቴ ተናደደ። "ቱቦው የእነሱ፣ ችግሩም የእነሱ። የእኛ አሸንዳ ምን አገባው?" ይላል። በዚህ ላይ አንድ ኮንትራክተር መጥቶ ከቤታችን እስከ ድንበራችን ያለውን የራሳችንን ቱቦ ለመቀየር 11,000 ዶላር ጠየቀን። ይህን ገንዘብ የምናገኘው ከልጆቹ ማጠራቀሚያ ነው።

ልፈርም? የእኛንስ ቱቦ አብረን ማስቀየር አለብን? አሸንዳ እውነት ይህን ያህል ጣጣ ያመጣል? የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አሌክሳንድሪያ_22፦

እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሁለቴ አስቢ። እኛ ሰፈር ይኸው ሥራ ተሠርቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ተባለ፣ ሁለት ወር ፈጀ። ጎመንና ቃሪያ የተከልኩበት መደብ ላይ የጉድጓድ አፈር ደፉበት። ከሄዱ በኋላ ደግሞ ክረምት አልፎ መሬቱ ሰመጠ። አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ኩሬ ይሠራል። ደውዬ ደውዬ ደከመኝ።

በጽሑፍ የያዝኩት ነገር አልነበረኝም። ፎቶም አላነሳሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

የቱቦ_ሰው፦

እህቴ ቀበና፣ በመጀመሪያ ለደረሰብሽ ነገር በጣም አዝናለሁ። እኔ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ስጀምር አካፋ ይዤ ነበር፣ አሁን የካሜራ መኪና ላይ ነኝ። ጎማ ያለው ካሜራ በማንሆል አውርደን ቱቦውን ከውስጥ እናያለን። ስለዚህ አብዛኛው የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከአሸንዳው ልጀምር፣ ምክንያቱም የባለቤትሽ ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው።

በእናንተ ሰፈር ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። አንዱ የዝናብ ነው፤ ከመንገድ ዳር ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወስዳል። ሌላው የሽንት ቤት፣ የኩሽናና የመታጠቢያ ነው፤ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ዋሽንግተን ብሉ ፕሌይንስ ያለው ግዙፍ ጣቢያ የሜሪላንድንም ፍሳሽ ይቀበላል። ይኼ ሁለተኛው ቱቦ ሲሠራ ዝናብ ይገባበታል ተብሎ አልታሰበም። ቀጭን ነው። የሰፈር ውስጥ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 8 ኢንች ነው።

አሁን ቁጥሩን እይው። 1,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲወርድ 620 ጋሎን ገደማ ውሃ ይሆናል። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ቤት ውስጥ በቀን የሚጠቀመው ወደ 300 ጋሎን ነው። አንድ ጣሪያ በአንድ ዝናብ የቤተሰቡን የሁለት ቀን ፍሳሽ አወረደ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ።

ባለ 8 ኢንች ቱቦ በትንሹ ተዳፋት፣ ማለትም በ100 ጫማ ርቀት 0.4 ጫማ ሲወርድ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ በደቂቃ የሚያሳልፈው 340 ጋሎን ገደማ ነው። በሰዓት 1 ኢንች የሚጥል ዝናብ ከሆነ 33 ጣሪያዎች ብቻቸውን ይሞሉታል። አንድም ሰው ሽንት ቤት ሳይጠቀም ማለቴ ነው። በጁላይ 8 ቀን 2019 እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ሬገን አየር ማረፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.3 ኢንች ዝናብ ተመዝግቧል። እንደዚያ ባለ ዝናብ 10 ጣሪያ ይበቃል።

ቱቦው ሲሞላ ውሃው ዝቅ ያለ መውጫ ይፈልጋል። አንዳንዴ የማንሆል ክዳን አንስቶ ወደ ወንዝ ይፈስሳል። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ በሚያልፈው ወንዝ፣ ስላይጎ ክሪክ ዳር በእግር የሄደ ሰው ማንሆሎቹን ከውሃው አጠገብ ያያቸዋል። ቱቦው በስበት ስለሚወርድ የተዘረጋው በሸለቆው ነው። ከዚያ የተረፈው ፍሳሽ ዝቅ ብሎ ያገኘው ሌላ ቀዳዳ ካለ፣ እሱ የአንቺ ቤዝመንት ፍርግርግ ነው።

ይህ የአንድ ሰፈር ጉዳይ እንዳይመስልሽ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2004 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ በመላ አሜሪካ እንዲህ ያለው መትረፍረፍ በዓመት ከ23,000 እስከ 75,000 ጊዜ ይደርሳል ብሎ ገምቷል።

አሸንዳ ግን አንዱ በር ነው። ሌላው በር እርጅናው ራሱ ነው። በእናንተ ቤት ዕድሜ የተቀበረ ቱቦ ብዙ ጊዜ ሸክላ ነው። ሸክላው ራሱ ጠንካራ ነው፣ መቶ ዓመት ይቆያል። የሚሞተው መገጣጠሚያው ነው። ቁራጮቹ አጫጭር ስለሆኑ በየጥቂት ጫማው መገጣጠሚያ አለ። ሲሚንቶው ይረግፋል፣ መሬቱ ይንሸራተታል፣ የዛፍ ሥር ይገባል። ሥሩ ሲገባ ፀጉር ያህላል። ካሜራዬ ላይ ሳየው ግን ቱቦውን ሙሉ የደፈነ፣ እንደ ጺም የተንዠረገገ ሆኖ ነው። ዝናብ ሲጥል የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይልና በነዚያ ስንጥቆች ይገባል። ደረቅ ቀን የደረቀ የነበረ መገጣጠሚያ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት እንደ ቧንቧ ሲንዠቀዠቅ ብዙ ጊዜ ቀርጫለሁ።

በ1940ዎቹና 50ዎቹ በተሠሩ ቤቶች ሌላም የማያስደስት ነገር አለ። ኦሬንጅበርግ የሚባል ቱቦ ነው፤ ወረቀት መሰል ነገር በሬንጅ ተነክሮ የተሠራ። በጊዜ ብዛት ይለሰልስና ይጨፈለቃል። ያ ከሆነ ያላችሁ መጠገን አይቻልም፣ መቀየር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለኮንትራክተሩ አንድ ዶላር ከመክፈልሽ በፊት መስመራችሁን በካሜራ አሳዪ። ቪዲዮውን ራስሽ ያዢው። ካሜራ ሳያስገባ "ሁሉም ይቀየር" የሚል ሰው ዋጋ ቢቀንስልሽም አትስሚው።

ከዚያ በፊት ግን ራስሽ የምትለዪው ነገር አለ። ፍሳሹ የመጣው ማንም ቤት ውስጥ ውሃ ሳይጠቀም ከሆነ፣ ዋናው ቱቦ ሞልቶ ነው የመለሰው። ልብስ ስታጥቢ ወይም ሻወር ሲከፈት ከሆነ፣ የራሳችሁ መስመር ተደፍኗል። ሦስተኛ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። አሸንዳችሁ ከራሳችሁ መስመር ጋር ተያይዞ መስመሩ በሥር ከተደፈነ፣ ቤዝመንት የሚገባው የራሳችሁ ጣሪያ ውሃ ነው፤ ፍሳሹን አንሥቶ ይመለሳል። የጎረቤቶችሽን ቤትም ጠይቂ። በዚያው ቀን እነሱም ጋ ገብቶ ከሆነ ዋናው ቱቦ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። አሌክሳንድሪያ ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ሥራ አይቻለሁ፣ ያሳፍራል። ስለዚህ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት አጥሩን፣ ሣሩን፣ አስፋልቱን፣ የቤቱን ግድግዳ በቪዲዮ ቅረጪ። ቀኑ ይታይ። ወረቀቱ ላይ ግቢውን ወደ ነበረበት እንደሚመልሱ የሚል መኖሩን አንብቢ። መሬቱ በኋላ ቢሰምጥስ? ለስንት ጊዜ ተጠያቂ ናቸው? ይኼን ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

የሚለበጠው ክፍል ብዙ ቁፋሮ የለውም። ሬዚን የሚባል ኬሚካል የጠጣ ረጅም ጨርቅ ነው፤ ካልሲ ገልብጠሽ እንደምታወልቂው እየተገለበጠ በውሃ ወይም በአየር ግፊት ይገባል። በፍል ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በብርሃን ይደርቃል። አሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ ቱቦ ተሠራ ማለት ነው፣ መገጣጠሚያ የሌለው። መጀመሪያ የተሠራው በ1971 ለንደን ሃክኒ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ግን የቤታችሁ መስመር አፍ ለሰዓታት ይዘጋል፣ በኋላ በሮቦት ይከፈታል። "ውሃ አትጠቀሙ" ካሏችሁ በእውነት አትጠቀሙ። የፕላስቲክ ሙጫ የሚመስል ሽታ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቀደም ብለሽ በየመታጠቢያው ቀዳዳና በቤዝመንቱ ፍርግርግ ውሃ ጨምሪ፤ ቀዳዳው ሥር የሚቆመው ውሃ ሽታውን ያግዳል። መስኮትም ክፈቺ።

የእናንተ ድርሻ የሆነው ቱቦ? በሥራዬ ካየሁት ሁሉ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ዋናው ቱቦ ይለበጣል። ውሃ አያስገባም። የከርሰ ምድር ውሃው ግን የትም አይሄድም፤ ከፍ ብሎ ቀጣዩን ስንጥቅ ይፈልጋል። ቀጣዩ ስንጥቅ በየቤቱ ጓሮ ሥር ያለው አሮጌ ቱቦ ነው። ሁለት ክረምት ቆይተን ስንለካ ቱቦው አሁንም በዝናብ ቀን ይሞላል። ሰው "ይኼ ሁሉ ብር የት ገባ?" ይላል። ስለዚህ ካሜራው ስንጥቅና ሥር ካሳየ፣ አቅም ካላችሁ አብራችሁ አድርጉት። ሙሉውን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። መልበጥም ይቻላል።

ሲቪል_ተማሪ፦

ወንድሜ የቱቦ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ከምናላቅቅ ለምን ትልቅ ቱቦ አይቀብሩም? ዲሲ ውስጥ ትልቅ ዋሻ ሠርተው የለ?

የቱቦ_ሰው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዲሲ ግን ሌላ ነው። ከከተማዋ ሲሶ በሚሆነው ክፍል ዝናቡና ፍሳሹ ከድሮ ጀምሮ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄደው። እዚያ ዝናቡን ከፍሳሹ መለየት ከተማውን እንደ አዲስ መቆፈር ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ውሃውን ይዞ የሚያቆይ፣ በኋላ ወደ ብሉ ፕሌይንስ የሚልክ ዋሻ ሠሩ። የአናኮስቲያው ክፍል በ2018 ሥራ ጀመረ። በ2023 የተከፈተው የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ስፋቱ 23 ጫማ ነው።

የእህታችን ሰፈር ግን ሁለት ቱቦ ተቀብሮለታል። ዝናቡ የራሱ መንገድ እያለው፣ ንጹሕ ውሃ ፍሳሽ ውስጥ ጨምረን፣ መልሰን በገንዘባችን እናጣራለን። ትልቅ ቱቦ ብትቀብር ስንጥቁ እስካለ እሱም ይሞላል።

ከአዲስ_አበባ፦

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ይኼን ሳነብ ስለ እኛ ግቢ የተጻፈ መሰለኝ።

ሐምሌና ነሐሴ የግቢያችን ማንሆል ክዳኑን አንሥቶ ይፈነዳል። ፍሳሹ በእኛ በር ያልፋል፣ ልጆች እዚያው ይጫወታሉ። ሁልጊዜ ቦቴ እንጠራለን፣ ይመጣል፣ ይመጥጣል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይሞላል። ሁላችንም ቱቦው ተደፍኗል ነበር የምንለው። አንድ የቧንቧ ባለሙያ ጎረቤታችን ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ አየው። ለካ ግቢው ውስጥ ውሃ እንዳይተኛ ሰው የማንሆሉን ክዳን ገፋ አድርጎ ጎርፉን ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁለት ብሎክ ላይ ደግሞ የጣሪያው አሸንዳ በቀጥታ ማንሆል ውስጥ ተሰክቷል።

ኮሚቴው ገንዘብ አዋጣ። ክዳኖቹን አስጠገንን፣ ለጎርፉ በግቢው ዳር ቦይ አስቆፈርን። ባለፈው ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞላው። ያኔም የሕፃን መጥረጊያ ጨርቅና የረጋ ዘይት ከውስጥ ወጣ። እባካችሁ ዘይትና ቅቤ በሙቅ ውሃ አታውርዱ፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ሻማ ይሆናል።

ቀበና_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ነገሩን እየተከታተልኩ ስለነበር ነው።

ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ። በሁለቱም ቀን ከእኛ በታች ያሉት ሦስት ቤቶች ገብቶባቸዋል። ማንም ለማንም አልነገረም ነበር። ሁላችንም አፍረን ዝም ብለን አጥበናል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ በመንገዳችን የጭስ ፍተሻ አደረጉ፤ ቱቦው ውስጥ ጭስ ነፍተው በየት እንደሚወጣ ያያሉ። ቀድመው በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ስለነበር እንዳልከኝ በየቀዳዳው ውሃ ጨመርኩ። በማንሆሉ ነጭ ጭስ ነፉበት። ባለቤቴ ሥራ ቀርቶ ቆሞ ያይ ነበር። መጀመሪያ ጭሱ በጣሪያችን ላይ ካለው የአየር ማስወጫ ወጣ፤ ያ ትክክለኛው ቦታው ነው አሉን። ከዚያ ግን ከኋላ ማዕዘን ካለው አሸንዳችን ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ጠጋ ብሎ እጁን ጭሱ ላይ አደረገ።

ቅዳሜ ራሱ አሸንዳውን ቆረጠው። መሬት ውስጥ የሚገባውን ቀዳዳ በክዳን ደፍኖ፣ ውሃውን በማስረዘሚያ ከግድግዳው 6 ጫማ አርቆ ወደ ሣሩ መለሰው።

ካሜራም አስገባን። የእኛ ሸክላ ነው፣ ኦሬንጅበርግ አይደለም፣ ተመስገን። 31 ጫማ ላይ የሜፕል ዛፋችን ሥር ገብቷል፣ ሁለት መገጣጠሚያ ተከፍቷል። ሌላ ኮንትራክተር ለመልበጥ 6,400 ጠየቀን። ከዋናው ሥራ ጋር አብረን ልናደርገው ወስነናል። ፈቃዱንም ፈርሜያለሁ፤ ግቢውን ስለመመለስ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ ጠይቄ ጨመሩልኝ። አሌክሳንድሪያ ወንድሜ፣ አንተ ባትነግረኝ አላስበውም ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ፍሳሹ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ ይረዳናል? ሌላው፣ ጭሱ ከጎረቤታችን አሸንዳዎች በሙሉ ወጥቷል። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደብዳቤው ሲደርሳቸው በጣም ደነገጡ። ቅጣት መስሏቸው ነው።

የቱቦ_ሰው፦

ቫልቩ ይረዳችኋል። ከዋናው የሚመጣውን ይዘጋል። ግን በተዘጋበት ሰዓት የእናንተም ውሃ አይወጣም። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ሲጥል ልብስ አትጠቡ፣ ሻወር ይቆይ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ከፍታችሁ አጽዱት፤ ፀጉርና ወረቀት ከያዘው አይገጥምም። ኢንሹራንስሽም ላይ ከፍሳሽ የሚመለስ ውሃ የሚለውን በተጨማሪ ግዢ። ብዙ ኩባንያዎች ለብቻው ይሸጡታል።

ለጎረቤትሽ ቅጣት እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ቤቱ ሲሠራ እንደዚያ ነበር የሚገጠመው፤ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ስንት አሸንዳ ነው ያላቸው? አራት ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ የመጪው ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ መሰላልና መጋዝ አለኝ። ባለቤትሽ ክዳኖቹን ከገዛ እኔ እመጣለሁ። በግል መልእክት አድራሻውን ላኪልኝ።